ጭነቱን ደጅ የሚያወርደው ሰው

በሳይክል ክትባት የሚያመላልስ አንድ ሰው ነበረ።

ጥያቄሽን የዘለልኩት እንዳይመስልሽ፣ ትርንጎ። «ትዕግሥቴ የት ሄደ?» ነው ያልሽኝ። አልጋ ላይ የዋለች እናትሽን አራት ዓመት ሙሉ ስታጥቢ፣ ስታጎርሺ፣ ስታገላብጪ ኖረሽ፣ ትናንት ሾርባውን ስለደፋችብሽ እጇን መታሻት። «ድሮ እንዲህ አልነበርኩም፤ ክፉ ሰው ሆንኩ ወይ?» ብለሽ አለቀስሽ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቁኝ ወደማውቀው ነገር እሄዳለሁ፤ የማውቀው ደግሞ ሳይክል ብቻ ነው። እንግዲህ እሱን ስሚኝ።

ሰውየው ከወረዳው ከተማ እየተነሣ ከቁልቁለቱ በታች ላሉት የቆላ መንደሮች ክትባት ያደርስ ነበር። መንገዱ መኪና የሚያስገባ ስላልሆነ የተራራ ሳይክል ሰጥተውታል። አይተሻቸው ይሆናል፤ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት እግሮቹ ውስጥ ሞላ ያለባቸው፣ ድንጋይ ሲነካቸው ዝቅ ብለው የሚመለሱ ናቸው። የክትባቱን ሣጥን ከመሪው ፊት ያስረው ነበር። ከኋላ ቢያስረው ይሻለው ነበር፤ እሱ ግን ዐይኔ አይለየው አለ። ሣጥኑ በበረዶና በብልቃጥ የተሞላ ነው። ቆላ ሲደርስ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከዋርካ ሥር ይጠብቁታል።

አንድ ቀን ሣጥኑን ቢከፍት ግማሹ ብልቃጥ ተሰብሯል። ለቀደሙት ደረሰ፤ ለኋለኞቹ አልደረሰም። አንዲት ሴት የአራት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታ ልጇን ሳታስከትብ ተመለሰች። አልሰደበችውም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጁን መልሳ አዝላ፣ የመጣችበትን ዳገት ያዘችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በከተማው ደግሞ አንድ ሳይክል ጠጋኝ ነበረ። ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ዝም ብለሽ ስሚ። እጁ ወርቅ ነው ይባልለታል፤ እሱም አምኖበታል። ወገቡን ስለሚያመው ከበርጩማው መነሣት አይወድም። ደንበኛ ሲገባ ቀና ይላል፣ ሲወጣ ግን አንገቱን እንኳ አያዞርም።

ሞላ የሚለካበት ዘዴ ነበረው። ከአንደኛው የሳይክሉ እግር ላይ ክር ያስርና ወደ ታች ያስጠጋዋል። ከዚያ ባለቤቱን «ውጣበት» ይለዋል። ሰውየው ሲቀመጥ ሞላው ዝቅ ይላል፣ ክሩም ተገፍቶ ይወጣል፤ ሲወርድ ክሩ በወጣበት ይቀራል። ክሩ ሞላው ሊወርድ ከሚችለው ከአራት እጅ አንዱን እጅ ከሄደ ልክ ነው ማለት ነው። አንዱ እጅ ለተቀመጠው ሰው፣ ሦስቱ እጅ ለመንገዱ ነው። ሰው ተቀምጦበት ጨርሶ ዝቅ የማይል ከሆነ ሞላ መባሉ ለስሙ ነው፤ ብረት ነው እሱ። ብዙ ዝቅ ካለ ደግሞ ድንጋዩ ሲመጣ የሚቀበልበት የለውም።

ክትባት አመላላሹ ወደዚህ ጠጋኝ መጣ። ከመግባቱ በፊት ግን ሣጥኑን ፈትቶ ከደጅ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር አወረደው። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ወለሉም ዘይት በዘይት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የሰው ቤት ተጭነህ አትግባ ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ባዶ ሳይክሉን እየገፋ፣ ፈገግ ብሎ ገባ።

«ደህና ነህ?» አለው ጠጋኙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ዕቃ ትጭንበታለህ?»

«ኧረ ትንሽ ነገር ናት።»

ጠጋኙ ክሩን አሰረ፣ ሰውየውን አስቀመጠ፣ ለካ። ከአራት እጅ አንዱ እጅ፣ ንቅንቅ የለም። «ሞላህ ደህና ነው፤ መንገዱ ነው የከፋው» ብሎ ሸኘው። ሸኘው ማለቴ፣ ከበርጩማው ሳይነሣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ብልቃጡ ደግሞ ተሰበረ። ሰውየውም ተመልሶ መጣ፤ ሣጥኑን ደጅ አወረደ፣ ፈገግ አለ፣ ገባ። ጠጋኙ ከሞላው አናት ላይ ያለችውን ማጥበቂያ ሁለት ዙር አዞረለት። የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር አልመጣም። ሰውየው ሣጥኑን አራግፎ ባዶውን ሲመለስ ጠጠሩ ሁሉ ክንዱን ይነርተው ጀመር። ተጭኖ ሲወርድ ግን ትልቁ ድንጋይ ላይ ሞላው ያው እስከ መጨረሻው ወርዶ ጓ ይላል።

በሦስተኛው ሳምንት አለቃው ጠርቶ፣ ከእንግዲህ አንድ ብልቃጥ ብትሰብር ሳይክሉን መልስ አለው። ሳይክሉ ከተመለሰ ክትባቱ በእግር ነው የሚሄደው፤ በእግር ከተሄደ ደግሞ በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ ያልቃል። ያ ሁሉ መንደር ይቀራል ማለት ነው። ሰውየው ይህን በልቡ ይዞ መጣ፤ ለጠጋኙ ግን አልነገረውም። ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ እንደ ልማዱ «ደህና ነኝ» ብሎ ገባ።

ጠጋኙ ሦስተኛ ጊዜ ለካ። የሚያስተካክለው ነገር አላገኘም። ወገቡ ያመዋል፣ ቀኑ ሞቃት ነው፣ በራሱ እጅ መጠርጠርም አይወድም። ስለዚህ ተቆጣ። «እንግዲህ ጥፋቱ የሞላው አይደለም፣ የአንተ ነው። ሰው ጠንከር ብሎ ይነዳል!» አለው።

ሰውየው ቢከራከረው ኖሮ ጠጋኙ ከምሳ በፊት በረሳው ነበር። እሱ ግን ባርኔጣውን አጥልቆ፣ «እሱስ እኔው ሳልሆን አልቀርም፣ ጋሼ። ይቅርታ፣ አደከምኩዎ» አለና ሳይክሉን እየገፋ ወጣ።

ይቺ ነገር ጠጋኙን አላስቀምጥ አለችው። ወገቡን ይዞ ተነሣና በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛ ሊሸኝ እስከ ደጅ ወጣ።

ሲወጣ ሰውየው ከግንቡ ሥር ተንበርክኳል። ሣጥኑን በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ በጉልበቱ ደግፎ፣ እያቃሰተ ያነሣል። ጠጋኙ «ቆይ እስቲ» ብሎ ሊያግዘው ቢይዘው አልንቀሳቀስ አለው።

«ትንሽ ነገር ናት ያልከኝ ይቺን ነው?»

«ላስቸግርዎ አልፈለግኩም» አለ ሰውየው።

ጠጋኙ እዚያው ፀሐይ ላይ፣ ደጁ ላይ ሣጥኑን ከመሪው አሰረው። ክሩን ወደ ታች ገፋው። «በል አሁን ከነጭነትህ ውጣበት» አለ። ሰውየው ተቀመጠ። ክሩ ሦስት እጅ አለፈ። ገና አንድ ጠጠር ሳይረገጥ፣ ገና ከደጅ ሳይነቃነቅ፣ ሦስቱ እጅ አልቋል። ለዚያ ሁሉ ቁልቁለት የቀረው አንድ እጅ ነበር፤ እሷም ሙሉ አይደለችም። ማጥበቂያውን እስከ መጨረሻዋ አዞራት። ክሩ ቢመለስ ትንሽ ነው። የሞላው ዐቅም እስከዚያ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢያዞሩት ይበጠሳል እንጂ አይጠነክርም።

ከዚያ ሣጥኑን ከፈቱና ግማሹን አወጡ። ለካስ አንድ ነጋዴ በየገበያው ቀን በቅሎውን ይዞ ወደዚያው ቆላ ይወርድ ኖሯል፤ ሁልጊዜም የሚወርደው አንዱ ጎን ባዶ ሆኖ ነው። የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ሲጠይቁት «ይሄ ነው? አምጡት» አለ፤ በቃ። ጠጋኙም ያጠበቀውን ሞላ ለቀረው ጭነት በልኩ አላላው።

ከዚያ ወዲያ ብልቃጥ አልተሰበረም ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንዴ ይሰበር ነበር፤ መንገዱ መንገድ ነው። ሰውየው ግን ሳይክሉን አልመለሰም። ያቺ ልጇን አዝላ የተመለሰችው ሴት ዳግመኛ መጥታ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ጠይቄያለሁ። እስካሁንም ልጅ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ባየሁ ቁጥር እሷ እየመሰለችኝ ዞሬ አያታለሁ። አዎ፣ ጠጋኙ እኔ ነኝ። ገና ስጀምር እንዳወቅሽ አውቃለሁ።

ደከመኝ። የሚቀረውን ላሳጥረው።

አንቺ ያ ሰው ነሽ፣ ልጄ። ትዕግሥትሽ የትም አልሄደም። እናትሽ ሾርባውን ስትደፋ ሦስቱ እጅ ቀድሞ አልቆ ነበር፤ ስንት ቀን ያልተኛሽው እንቅልፍ በልቶት፣ አንሶላው በልቶት፣ ስምሽን ረስታ በሟች እህቷ ስም ስትጠራሽ የዋጥሽው ዕንባ በልቶት። ለሾርባው የቀረሽ ያቺው ሙሉ ያልሆነች አንድ እጅ ናት። እኛ ደግሞ የሰፈር ሰዎች፣ ባገኘንሽ ቁጥር «አይዞሽ፣ ጠንክሪ» እያልን ማጥበቂያሽን አዞርን። ለዚህ ነው ውጭ ስትወጪ በትንሹ ቀልድ የምትቆጪው፣ ቤት ስትገቢ ደግሞ ጓ የምትዪው። መምታትሽ ደግ ነው አልልሽም። ዛሬውኑ ገብተሽ እጇን ሳሚ፤ ባይገባትም ሳሚ። ክፉ ሰው ግን አልሆንሽም። ከዐቅምሽ በላይ ተጭነሽ ሳለ ሁልጊዜ ባዶሽን እየተለካሽ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አባባሉንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሎሚውን አውጥቶ የሚያሳይ ነው የጠፋው። ወንድሞችሽ በየእሑዱ ይደውላሉ፤ ሁለቱም። ምን ትያቸዋለሽ? «እማዬ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ አታስቡ።» እነሱም አያስቡም። ምን ያድርጉ፣ አንቺ አይደለሽ አታስቡ ያልሻቸው! የመጪው እሑድ ሲደውሉ ሣጥኑን ደጅ አታውርጂው። ይዘሽው ግቢ። አንዳቸው ባዶ ጎን ይኖራቸው እንደሆነ ሳይጠየቁ አይታወቅም። ባይኖራቸውም፣ ቢያንስ ባለመጠየቅሽ አትከሰሺም።

እኔም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ከእናትሽ ጋር እቀመጣለሁ። ማጉረስ አልችልበትም፣ ታሳዪኛለሽ። ወገቤም ቢሆን እዚህም ያመኛል፣ እዚያም ያመኛል። አንቺ ሄደሽ ተኚ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው። ቅድም ስትገቢ ከበርጩማዬ ሳልነሣ «ደህና ነሽ?» አልኩሽ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን» አልሽኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ጎማዬ ተመለስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ቆይቼ፣ ያቺን ሴት እያሰብኩ ኖሬ፣ አሁንም ያው ሰው ነኝ።

ስለዚህ ይኸው ተነሥቻለሁ። ወንበሩን ሳቢና ከነጭነትሽ ተቀመጪ። እንደ አዲስ ልጠይቅሽ፤ ትርንጎ፣ እንዴት ነሽ?