የፍልፈል ቅል

ተረት ተረት፤ የሰማ ይጠጋ፣ ያልሰማ ጆሮውን ይጥረግ።

አውራ ዶሮ ልጁን ሊድር ዳስ ጣለ። ለዳሱ ምሰሶ ጉድጓዱን ሁሉ የማሰለት ፍልፈል ነበር። የሰርጉ ቀን ግን ኩሩው አውራ ዶሮ ፍልፈልን ከበር ውጭ አስቀመጠና ጠላውን ጠርዙ በተሸረፈ ቅል ሰጠው።

«አፈር ማሽ ከኛ ጋር አይጠጣም» አለ። «በሱ ቅል የጠጣም እዚያው ከሱ ጋር ይቀመጣል።»

ኤሊ በነገር አትቸኩልም። ቀስ እያለች ወጣችና ከፍልፈል ቅል ተጎነጨች።

«ጌታዬ፣ እርስዎስ ሲጭሩ የሚውሉት ምን ላይ ነው?» ብላ እዚያው ተቀመጠች።

ጨዋታ ወዳዷ ጦጣም ወጥታ ጠጣች። ፍየል ተከተለቻት። ከበሮ መቺው አህያ ደግሞ ስለ ጠማው ብቻ ወጥቶ ጠጣ። ከበሮው ሲወጣ ዘፈኑም አብሮ ወጣ፤ ዘፈኑ ሲወጣ ሙሽሪት ሙሽራውን እየጎተተች ወጣች። ደጁ በጭፈራ ቀለጠ።

አውራ ዶሮ ከሙሉ ጋን ጠላ ጋር ዳሱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። በመጨረሻ አንገቱን በበሩ ብቅ አደረገ።

«እዚያ ቦታ ይኖራል?» ሲል ጠየቀ።

ፍልፈል ጠጋ አለለት።

«ቤት ለእንግዳ፣ ጌታዬ» አለው። «ሲመጡ ጋኑን ብቻ ይዘውልን ይምጡ።»

ተረቴን ጠጥታችኋል፤ ቅሉን ለጎረቤት አቀብሉ።