ባሻና የማያባራው ዝናብ

ተረት አለኝ። «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ የዛሬው የጥንቸል ቤት ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሶስና የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ባሻ የሚባል ወንድ ጥንቸል ነበራት፤ ባሻ ያለችው ጢሙን አይታ ነው። ባሻ የሚያድረው ደጅ፣ ካርቶን ውስጥ ነበር። በጋውን ምንም አልሆነም። ሰኔ ሲገባ ግን የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን እንኳ ያንቀጠቅጣል፤ ካርቶንም ዝናብ አይችልም። የራሰ ጥንቸል ደግሞ ክረምቱን አይወጣም። ሶስና የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሻ ደረቅ ቦታ ይደርላት።

«እማዬ፣ ባሻን በረንዳ ላይ አስገቢልኝ» አለች።

«ያጠብኩት ነጠላ ላይ ሽንቱን የረጨውን? ካልተኮላሸ በረንዳዬን አይረግጣትም» አለች እናቷ።

እናቷ አታስገባም፤ ባሻም ካርቶን ውስጥ ይርሳል።

ሶስና ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ዶክተር ይርዳው ሮጠች።

«ማኮላሸቱ ይሻለዋል፤ ሽንት መርጨቱንም ይተዋል» አሉ ዶክተሩ። «ግን ማኮላሸት ቁስል አለው። እርጥብ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ቢያመረቅዝብኝስ? መጀመሪያ ደረቅ ሳጥን አሠሪለት።»

ዶክተሩ አያኮላሹም፤ እናቷ አታስገባም፤ ባሻም ካርቶን ውስጥ ይርሳል።

ሶስና ወደ አናጢው ወደ ጋሽ ክንፉ በረረች። ጋሽ ክንፉ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱና ይለኩ ጀመር።

«ከመሬት ከፍ ይላል፤ አራት እግር አለው፤ ፊቱ ሽቦ፣ ጣራው ቆርቆሮ። በግማሽ ቀን አለቀ» አሉ። ሶስና በደስታ ዘለለች። «ቆይ እንጂ፣ በምን ልሥራው? እዚህ የምታዪው ሁሉ የሰው በር ነው። ሳንቃ አምጪ።»

ጋሽ ክንፉ ሳጥን አይሠሩም፤ ዶክተሩ አያኮላሹም፤ እናቷ አታስገባም፤ ባሻም ካርቶን ውስጥ ይርሳል።

ሳንቃ ያለው ጎረቤቷ እትዬ አጸደ ቤት ነው። የአባታቸው አልጋ ተሰብሮ ሳንቃው ጓሮ ተደርድሯል። እትዬ አጸደ ደግ ናቸው፤ «ውሰጂ» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ብቻ ለምን እንደሆነ ጠየቋት።

«ባሻ ሲኮላሽ የሚተኛበት ነው» አለች ሶስና።

እትዬ አጸደ አማተቡ። እኛ አገር መኮላሸት ሲባል መቼም ሌላ ነገር አይታሰብም፤ ሙክት ነው። በግ የሚኮላሸው ሊደልብ፣ የሚደልበው ሊታረድ ነው።

«የጥንቸል ሙክት? የማይበላውን አድልባችሁ ልትበሉ? ያውም ባባቴ ሳንቃ? የንስሐ አባቴ ካልፈቀዱ አንዲት ፍልጥ አላወጣም» አሉ።

«አንበላውም እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ይኮላሻል?»

ሶስና የነጠላውን ጉድ መናገር አፈረች። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

እትዬ አጸደ ሳንቃ አይሰጡም፤ ጋሽ ክንፉ ሳጥን አይሠሩም፤ ዶክተሩ አያኮላሹም፤ እናቷ አታስገባም፤ ባሻም ካርቶን ውስጥ ይርሳል።

ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ፍስሐ ገሰገሰች።

«ሙክት ይሁን አይሁን ጀርባውን ሳልዳስስ አልፈርድም» አሉ አባ። እውነታቸውን ነው፤ ሙክት የሚታወቀው ጀርባው ሲዳሰስ ነው። «ግን ዝናቡ መጣ፤ ጉልበቴም አይችልም። ሲያባራ እመጣለሁ።»

ሶስና ገና ደጅ ሳትደርስ ወረደ። ሰኔና ሰኞ ሆነባት። «እባክህ አባራ» ብላ ለመነችው። ዝናቡ ማንን ሊሰማ፤ በረዶ ጨመረበት።

ዝናቡ አያባራም፤ አባ ፍስሐ አይወጡም፤ እትዬ አጸደ ሳንቃ አይሰጡም፤ ጋሽ ክንፉ ሳጥን አይሠሩም፤ ዶክተሩ አያኮላሹም፤ እናቷ አታስገባም፤ ባሻም ካርቶን ውስጥ ይርሳል።

ይርሳል ስላችሁ ራሰ። ሶስና ስትደርስ ካርቶኑ ጭቃ ላይ ተኝቷል፤ ባሻም ከሥሩ። የሞተባት መስሏት ክው አለች። ስታነሳው ተንቀጠቀጠ። «አባ ካልመጡ እኔ እወስድላቸዋለሁ» አለችና ሹራቧ ውስጥ ከትታው ሮጠች። በረዶው አላስኬድ ሲላት እትዬ አጸደ ቤት ክፈፍ ሥር ተጠጋች።

በሩ ተከፈተ፤ እትዬ አጸደ እጇን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቧት።

«ሙክትሽ ይሄ ነው?» አሉና፣ በግ መግዛት የለመደ እጅ አይደል፣ ሳያስቡት ጀርባውን ዳሰሱ። ስብ የለ፣ ሥጋ የለ። ከራሰው ፀጉር ሥር የአከርካሪ አጥንትና ቶሎ ቶሎ የምትመታ ትንሽ ልብ ነበሩ።

«ይሄንን ማን ያርዳል?» አሉ ቀስ ብለው።

«እንዳይሞት ብቻ ነው የፈለግኩት፣ እትዬ» አለች ሶስና እያለቀሰች። የነጠላውንም ነገር ነገረቻቸው። እትዬ አጸደ እስኪያነቡ ሳቁ።

አባን አልጠበቁም፤ ዝናቡንም አልጠበቁም። ባሻን በፎጣ ጠቅልለው ምድጃ ዳር አስቀመጡና ሳንቃውን ራሳቸው ተሸከሙ። ሳንቃው ሲመጣ ጋሽ ክንፉ መዶሻ አነሱ፤ መዶሻው ሲነሳ ሳጥኑ ቆመ፤ ሳጥኑ ሲቆም፣ ባሻም ሲያገግም ዶክተሩ አኮላሹ፤ ዶክተሩ ሲያኮላሹ እናቷ አስገባች። ጭዱንም ራሷ ጎዘጎዘችለት። መርጨቱን እስኪተው ጥቂት ሳምንት ይፈጃል ስለተባለች ግን ነጠላዋን ጓዳ ማስጣት ጀመረች።

ዝናቡማ እስከ መስከረም አላባራም። አባ ፍስሐም አልመጡም። ባሻም ዳግመኛ አልራሰም።

ተረቴን መልሱ፤ ለአፌ ዳቦ፣ ለባሻ ጎመን።