በውሰት የመጣ አባት

አንድ አባት ነበሩ፤ እህል በረንዳ ጆንያ የሚያወርዱ፣ ቀኝ ትከሻቸው ዘንበል ያለ። ልጃቸው ይትባረክ ጎበዝ ስለነበር የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት በነጻ ገባ። ገብቶም አላረፈ፤ አንደኛ ወጣ። በመኪና የሚመጣው ሮቤል ሁለተኛ ሆነ። ሁለተኛነት ያልለመደ ሰው ምን ያደርጋል? ይሳደባል።

«የተሸካሚ ልጅ!» አለው።

ይትባረክ በቡጢ መለሰለት። ርእሰ መምህሩ ሁለቱንም «ነገ ወላጅ ይዛችሁ ኑ!» ብለው አባረሯቸው።

እናንተስ ወላጅ አምጡ ስትባሉ ማንን ይዛችሁ ሄዳችሁ? አትሳቁ፤ ብዙዎቻችሁን አውቃለሁ።

ይትባረክም አባቱን ማሳየት አፈረ። ሰፈር ውስጥ ኮት የሚለብስ አንድ ደላላ ነበር፤ በምሳ ተስማሙና «አባቱ ነኝ» ብሎ ቀረበለት። ደላላው ሥራውን አክባሪ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ልጁን በጥፊ አጮለው። የወለዱት አባቱ አንድ ቀን እንኳ መትተውት አያውቁም።

ከቢሮ ሲወጡ ግን በሩ ላይ እኚያው አባት ቆመዋል። የጎረቤት ልጅ ነግሯቸው፣ ታጥበው፣ የሠርጋቸውን ጃኬት ለብሰው። ጆሯቸው ላይ ዱቄት ቀርቷል።

«የይትባረክ ወላጅ ነኝ ይላሉ» አለ ዘበኛው። «ታውቃቸዋለህ?»

ሮቤል አጠገቡ ነበር።

«አላውቃቸውም» አለ ይትባረክ።

አባትየው ኮት የለበሰውን ደላላ አዩ። የልጃቸውን የቀላ ጉንጭ አዩ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ከልጄ ጋር ተመሳስሎብኝ ነው» አሉና ሄዱ።

«አባትህ ናቸው አይደል?» አለ ሮቤል ቀስ ብሎ።

«ምን አገባህ?»

«እኔም ወላጅ ብዬ ያመጣሁት ሰውዬ ሾፌራችን ነው። አባቴ ለልደቴም አይመጣም።»

ይትባረክ ሮጠ፤ አልደረሰባቸውም። ማታ ቤት ሲገናኙ «ምሳ በላህ?» ብቻ አሉት። ያቺን ቀን እስኪሞቱ አላነሷትም። ይትባረክም አላነሳትም። ዛሬ ሸምግሎ «ምነው በተቆጡኝ ኖሮ! ይቅርታ የምጠይቅበት ቀዳዳ አገኝ ነበር» ይላል።

ወገኖቼ፣ ዝም ያላችሁ ሰው የረሳላችሁ ይመስላችኋል? እናታችሁ ዝም ብላለች። አባታችሁ ዝም ብለዋል። እግዚአብሔርም በትልልቆች ፊት «አላውቀውም» ስትሉት ዝም ብሏል። ዝምታቸውን ምሕረት አድርጋችሁ ስንት ዓመት ተኛችሁበት?

እስኪቆጧችሁ አትጠብቁ። ቀብር ላይ «አባቴ!» ብሎ መጮህ ማን ያቅተዋል? ዛሬ፣ ጆሯቸው በሚሰማበት ቀን፣ ሰው ፊት በሉት።