ሽባባውና የእማማ ደብሪቱ ቋጠሮ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ኧረ እናንተ ልጆች! ሐይቅ ዳር ተወልዳችሁ፣ ሐይቅ ዳር አድጋችሁ፣ ስለ ላም በረት ትነግሩኛላችሁ? እስቲ እንደ አገራችሁ መልሱልኝ። ተረት ተረት!

«የታንኳ በረት!»

እሰይ! አሁን ተግባባን። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ ጥሩዬ፣ እግርሽን ሰብስቢና ለወንድምሽ ቦታ ስጪው።

በድሮ ዘመን፣ የአያቴ አያት ገና ሳትወለድ፣ ጣና ዳር ደንገል በር የምትባል መንደር ነበረች። ሰዉ ዓሣ ያጠምዳል፣ ታንኳም ይሠራል። ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ውሃ ዳር የሚበቅለው ደንገል ይታጨድና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያም በነዶ በነዶ ይታሰራል። ነዶው ከነዶ ጋር ይጠፈራል። ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። ግን አንድ አመል አለበት፤ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሐይቅ በተመለሰ ቁጥር ዛፍ ላይ አስደግፈው ፀሐይ ያሞቁታል። ሳይደርቅ ደግመው ከወጡበት ይከብዳል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

በዚያች መንደር እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ከሾላው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሐይቅ የሚገባውን ሰው ሁሉ ይመዘግቡ ነበር። በምን ጻፉ እንዳትሉኝ። ብዕር የለ፣ ብራና የለ። በደንገል ነበር የሚመዘግቡት! ታንኳ ሊገፋ የመጣውን ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቁታል፦

«ወዴት? ስንት ሆናችሁ? መቼ ትመለሳላችሁ?»

«ወዴት» የሚለው በካስማ ነው። ከዛፉ አጠገብ አራት ካስማ ተተክሏል። አንዱ የወንዙ አፍ ነው፣ አንዱ የደሴቱ፣ አንዱ የደንገሉ ጫካ፣ አንዱ የመሐል ሐይቁ። «ስንት» የሚለው በቋጠሮ ነው። አንድ የደንገል ልጥ ያነሱና በሰው ልክ ይቋጥራሉ። ለሁለት ሰው ሁለት ቋጠሮ። ልጡንም የሚሄዱበት ካስማ ላይ ያንጠለጥሉታል። «መቼ» የሚለው ደግሞ በጥላ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሾላው ጥላ ወደ ውሃው እየረዘመ ይሄዳል። ከዛፉ እስከ ውሃው አምስት ድንጋይ በመስመር ተቀምጧል። ሰውየው፦ «ጥላው ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ እመጣለሁ» ይልና ይሄዳል።

የተመለሰ ሰው በገዛ እጁ ቋጠሮውን ይፈታና፦ «ገባሁ፣ እማማ!» ይላል። ጥላው ድንጋዩን አልፎ ቋጠሮው ካልተፈታ ግን እማማ ደብሪቱ የበሬ ቀንዳቸውን አንስተው ይነፋሉ። አንድ ጊዜ ሲነፉ «ሰው ቀርቷል፣ ውጡ!» ነው። ሁለት ጊዜ ሲነፉ «ተመለሱ!» ነው።

ምን አልሽ ጥሩዬ? ደመና ሲሆንስ? አያችሁ፣ ይቺ ልጅ ታስባለች! ደመና ሲሆን ቅል ይበሱና ውሃ ያንጠባጥቡበታል። «አንድ ቅል ሲያልቅ እመጣለሁ፣ ሁለት ቅል ሲያልቅ እመጣለሁ» ይባላል። ለሁሉም መላ ነበራቸው።

ቀንዱ ሲነፋ የሚወጡት ገረመውና ሁለት ወንድሞቹ ነበሩ። ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመ አንድ ትልቅ ታንኳ ነበራቸው። ሁልጊዜ ደረቅ ነው። እንጨት አይጫንበትም፣ እህል አይጫንበትም። አንድ ቀን የገረመው ሚስት ጎመን ላሻግርበት ብላ ብትለምን እንኳ ተከልክላለች። ሦስት ቀን አኩርፋለች ይባላል።

አንድ ነገር ረሳሁ። በሾላው ግንድ ላይ አንዲት ያረጀች ልጥ ተሰክታ ነበር። ጠቁራለች፣ ደርቃለች። አንድ ቋጠሮ ብቻ አላት። ካስማ የላትም። የማን እንደሆነች ማንም ደፍሮ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ።

ሽባባው የሚባል አጥማጅ ነበር። ሌላው ሰው አምስት ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ሲመለስ እሱ ታንኳውን ሞልቶ ይመለሳል። ሰዎቹም፦ «አንተ ሽባባው፣ ዓሣዎቹን ትጠራቸዋለህ እንዴ?» ይሉታል። እሱም፦ «አዎ፣ በየስማቸው!» ይልና ይስቃል።

ምስጢሩ ግን ቦታ ነበር። ከመንደሩ በስተ ሰሜን፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ነጭ ድንጋይ ከውሃው ብቅ ብሎ ይታያል። ነጭ የሆነው በምን ይመስላችኋል? በወፍ ኩስ! ሳቁ፣ ሳቁ። እነዚያ ከመንቁራቸው ሥር ከረጢት ያላቸው ትልልቅ ነጭ ወፎች የሚያድሩት እዚያ ነው። ሽታውን ጠልቶ ማንም አይጠጋም። ሽባባው ግን አሰበ። እነዚህ ወፎች ዓሣ ነው የሚበሉት፣ ዓሣ ባይኖር እዚህ ምን ያደርጋሉ አለና ሄዶ መረቡን ጣለ። መረቡ ሊበጠስ ደረሰ!

ችግሩ ያን ጊዜ መጣ። ለእማማ ደብሪቱ «ወደ ነጩ ድንጋይ» ቢል ገረመው ይሰማል። ገረመውም ቀንድ ካልተነፋ አጥማጅ ነው፣ መረብ አለው። ስለዚህ ሽባባው በየማለዳው፦ «ወደ ወንዙ አፍ፣ ብቻዬን፣ ሦስተኛው ድንጋይ» ይላል። እማማም ቋጥረው የወንዙ አፍ ካስማ ላይ ይሰቅሉለታል። እሱም ወደ ደቡብ ይቀዝፋል። ከዓይን ሲሰወር ግን ይዞርና በመሐል ሐይቁ አድርጎ ወደ ሰሜን ይሄዳል።

ሚስቱ ይታይሽ አንድ ቀን፦ «አንተ ሰው፣ የት ነው የምታጠምደው?» አለችው።

«ውሃ ውስጥ።»

«ለእኔም አትነግረኝም?»

«አንቺ ለእህትሽ ትነግሪያለሽ። እህትሽ ለገረመው ሚስት ትነግራለች። የገረመው ሚስት ደግሞ...»

«በቃ! በቃ! ከነምስጢርህ ተኛ!» አለችና ትራሱን ወረወረችለት። አዲስ ትራስ ነበር። ለስላሳ። ሽባባው ተንተርሶት ለጥ አለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። ዓሣውም በዛ። ዓሣው ሲበዛ ሽባባው ታንኳውን ማሰጣት ተወ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳያደርቀው ወጣበት። በአራተኛው ቀን ማለዳ እማማ ደብሪቱ ታንኳውን በእጃቸው ጫን አሉትና፦

«ልጄ፣ ይሄ ታንኳ ጠግቧል። ዛሬ ይረፍ።»

«ነገ ያርፋል፣ እማማ። ዓሣው ዛሬ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ወንዙ አፍ። ብቻዬን። ሦስተኛው ድንጋይ።»

ቋጠሩለት። ሄደ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉም ተነሣ። የሽባባው ታንኳ ከብዷልና ቶሎ አይዞርም። ማዕበሉ ወስዶ ከነጩ ድንጋይ ጋር አላተመው። የላላው ማሰሪያ ተፈታ። ነዶው ወዲያና ወዲህ ተበታተነ። ሽባባው አንዱን ነዶ ታቅፎ፣ ዓሣ የያዘ መረቡን በእግሩ እየጎተተ፣ እንደምንም ድንጋዩ ላይ ወጣ። ድንጋዩ ጠባብ ነው። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እስከ ጉልበቱ ይደርሳል። ወፎቹ ደግሞ እየመጡ፣ ቦታችንን ልቀቅ እንደሚል ሰው፣ በክንፋቸው ይገፉታል።

እዚህ ደንገል በር ጥላው ሦስተኛውን ድንጋይ አለፈ። ቋጠሮው አልተፈታም። እማማ ደብሪቱ ቀንዱን አንስተው አንድ ጊዜ ነፉ። ገረመውና ወንድሞቹ ሮጡ፣ ካስማውን አዩ፣ የወንዙ አፍ! ታንኳቸውን ገፉና ወደ ደቡብ በረሩ።

ሽባባው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ አያቸው። እንደ ጤፍ ፍሬ አንሰው፣ ርቀው፣ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ አያቸው። ወደዚያ የላካቸው ራሱ ነው። «እዚህ ነኝ! ኧረ እዚህ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ወሰደው። ቦታዬን ማንም አይወቅብኝ ሲል የኖረ ሰው፣ ያን ጊዜ አገር ሁሉ ቢያውቅለት ተመኘ።

እነ ገረመው ወንዙ አፍ ደረሱ። «ሽባባው! ኧረ ሽባባው!» እያሉ ተጣሩ። የመለሰላቸው እንቁራሪት ብቻ ነበር።

ይታይሽም ቀንዱን ሰምታ ነጠላዋ እየወደቀ መጣች። እማማ ደብሪቱ ግን የሽባባው ታንኳ ሁልጊዜ የሚደገፍበትን ዛፍ ትክ ብለው ያዩ ነበር። ለምን መሰላችሁ? የወንዙ አፍ ጭቃው ቀይ ነው። ከዚያ የመጣ ታንኳ ሥሩ ቀልቶ ነው የሚመጣ፣ የተደገፈበትንም ዛፍ ያቀላል። ዛፉ ላይ ግን አንዲት ቀይ ጠብታ የለችም።

«ነይ ልጄ። የባልሽን ታንኳ የምታጸጂው አንቺ ነሽ። ምን ታገኚበታለሽ?»

«ምን አገኛለሁ እማማ፣ የዓሣ ቅርፊት ነዋ!»

«ሌላስ?»

«ላባ።»

«ምን ዓይነት ላባ?»

«ነጭ ላባ። ብዙ ነው። ወፉ ሁሉ ከየት እንደሚመጣበት እንጃ። መጣል አሳዝኖኝ ትራስ ሞላሁበት። እሱ ራሱ ነው የሚንተራሰው።»

እማማ ደብሪቱ ብድግ አሉ። «ሰውዬው ምስጢሩን ሲንተራስ ነው የከረመው!» አሉና ቀንዱን ሁለት ጊዜ ነፉ።

ገረመው ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። «እማማ፣ ተገኘ?»

«አልተገኘም። ግን የት እንዳለ አውቄያለሁ። ወደ ነጩ ድንጋይ ሂዱ።»

«ነጩ ድንጋይ? እዚያ ደግሞ ምን ይሠራል?»

ታናሽ ወንድሙም፦ «ኩስ ሊያጠምድ ይሆናላ!» አለ። ማንም አልሳቀም። ጥላው አምስተኛውን ድንጋይ አልፎ ውሃውን ነክቶ ነበር። ሌላ ታንኳ ቢሆን ኖሮ አንዴ ወንዙ አፍ ደርሶ ከመጣ በኋላ ደግሞ አይወጣም ነበር። የእነሱ ግን ከርሞ የደረቀ ነውና ገና ቀላል ነው። ገረመው መዳፉን እንትፍ እንትፍ አለበትና ቀዘፈ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሱ። ሽባባው ከወፎቹ መካከል ቁጢጥ ብሎ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ሲያያቸው እንባው መጣ። ግን አመል ክፉ ነው፣ ልጆቼ፤ መረቡን ወደ ሥሩ ሳብ አደረገና ተቀመጠበት።

ገረመው፦ «ምን ላይ ነው የተቀመጥከው?»

«ምንም ላይ።»

ያን ጊዜ ከሥሩ አንድ ትልቅ አምባዛ ዓሣ ተፈራገጠና ሽባባውን ገለበጠው።

«ምንምህ ይፈራገጣል!» አለ ገረመው። ሦስቱም ሳቁ። ሽባባውም እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ከዚያም ከነመረቡ ጭነውት መጡ።

ዳር ሲደርስ ይታይሽ፦ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አለችና አቀፈችው። ከዚያም እስኪመጡ ድረስ ሄዳ ከቤት ባመጣችው ትራስ ደህና አድርጋ መታችው።

ሽባባው ቋጠሮውን ሊፈታ ወደ ካስማው ሄደ። የወንዙ አፍ ካስማ ላይ ተንጠልጥሏል። እጁን ዘረጋና አፈረ። ዓይኑን ሲያሸሽ ያቺን ያረጀች ልጥ አያት።

«እማማ፣ ይቺስ የማን ናት? ካስማ የላትም።»

እማማ ደብሪቱ ልጧን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

«የባለቤቴ ናት። እሱ ሐይቅ ገብቶ በቀረበት ዘመን ካስማ አልነበረም፣ ወዴት ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም። ሊፈልጉት የሚወጡ ሰዎች ታንኳ ይዘው ቆመው ነበር። በየት በኩል እንሂድ ሲሉኝ ግን የምላቸው አጣሁ። አንድ ሰው ነውና አንድ ቋጠርኩለት። የት ላይ ልስቀልለት፣ ልጄ?»

ገረመው ጉሮሮውን ጠረገና፦ «ሽባባው፣ ሰው ልናወጣ በገባንበት ቦታ እኛ መረብ አንጥልም። ነጩ ድንጋይ ያንተ ነው። ደግሞም ሽታውን አልቻልኩትም» አለ።

እማማም፦ «ምስጢር ያለው ሰው ለእኔ ብቻ ምልክት ይስጠኝ። ክዳን ባለው ቅል እከትለታለሁ። ቀንዱ ካልተነፋ ቅሉ አይከፈትም» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ማለዳ ሽባባው ሁለት ካስማ ጠርቦ መጣ። አንዱን ከአራቱ አጠገብ ተከለና አናቱ ላይ ነጭ ላባ አሰረበት።

«ይሄ የእኔ ነው፣ እማማ። ቅል አያስፈልገኝም። ሁሉም ይየው።»

ሁለተኛውን ግን ብቻውን፣ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ሐይቁ በሙሉ በሚታይበት ቦታ ተከለው።

«ይሄኛውስ የወዴት ነው?» አሉት።

«ወዴት እንደሄዱ ላልታወቁት» አለ ሽባባው።

እማማ ደብሪቱ ያቺን ያረጀች ልጥ በእጃቸው ይዘው መጡና ሰቀሏት። ከዚያም ወደ ሾላው ተመልሰው ቁጭ አሉ። «በል» አሉት፣ «ወዴት?»

«ወደ የትም፣ እማማ። ዛሬ አዲሱ ታንኳዬ እየደረቀ ነው።»

እሰይ! እናንተስ ልጆቼ፣ ነገ ታንኳ ስትገፉ ምን ትላላችሁ?

«ወዴት! ስንት! መቼ!»

ስትመለሱስ?

«ገባሁ፣ እማማ!»

እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በተጠበሰ ቆሮሶ አብሱ። እሾሁን ግን ለቅማችሁ አውጡልኝ፤ እኔ ጥርስ የለኝም።