ዳልቻ ትልም ላይ የተኛ ዕለት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁን ብቻ አውሱኝ። በሬ ከበሬ፣ እንጨት ከከብት ጋር በሚያወጋበት በዚያ በሩቁ ዘመን ጠጄ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ አንዱን በእጇ ይዛ አንዱን አዝላ የምትውል ሴት ናት። ንብረቴ የምትለው አንድ በሬ ነበራት፤ ስሙ ዳልቻ።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ጠጄ ከወንዙ ማዶ ካለው ከአያ ደርሰህ ጋር ተቀናጀች። እሱም ያለው አንድ በሬ ነው፤ ወይኖ ይባላል። ውላቸው እንዲህ ነበር፦ አንድ ቀን የጠጄ መሬት ይታረሳል፣ አንድ ቀን የአያ ደርሰህ። የታረሰለት ቤት ደግሞ ሁለቱንም በሬዎች አብልቶ ያሳድራል። እንዲህ እያሉ ሦስት ክረምት አለፈ።

በአራተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ቀን በሬዎቹ የጠጄን መሬት ሲያርሱ ውለው ደጇ ላይ ተፈቱ። የዚያን ዕለት የዳልቻን ጫንቃ ቀንበር ልጦት ነበር። መንገዱን ሙሉ “እመቤቴ ታየዋለች፤ አይታም ቅቤ ትቀባኛለች” እያለ ነው የመጣው።

ጠጄ ወጣች። ጀርባዋ ላይ ሕፃኑ ያስለዋል። ሣሩን ታቅፋ ዳልቻን አለፈችና ወይኖ ፊት አስቀመጠችው። በመዳፏ ጨው ይዛ አላሰችው። “ብላ የኔ ጌታ፣ ብላ” አለችው። ከዚያ ለዳልቻም ሣር ጣለችለት፤ ጨውም አላሰችው። ጫንቃውን ግን ሳታየው ገባች።

ዳልቻ ሣሩን አልቀመሰም።

“በፊትም እንዲህ ነበር እንዴ?” አለ ለራሱ። አሰበ፣ አሰበ። አዎ፣ አምናም የቀደመው ወይኖ ነው። ካቻምናም የቀደመው ወይኖ ነው። “እሱን ‘የኔ ጌታ’ ትለዋለች። እኔንስ ምን ትለኛለች? ‘ተነስ!’ ነው የምትለኝ።”

ሲነጋ ወደ ውሻው ሄደ።

“አንተ መቻል፣ ከደጅ የማትጠፋው አንተ ነህ። እውነቱን ንገረኝ፤ እመቤታችን ወይኖን አትወደውም?”

“ወይኖን?” አለ ውሻው ጆሮውን እያከከ። “ስታሻሸውማ አይቻለሁ። እኔን ‘ዞር በል’ ነው የምትለኝ።”

ዳልቻ ወደ ፍየሏ ሄደ።

“እመት ፍየል፣ እመቤታችን ወይኖን አትወደውም?”

“እሱ ሊያድር ሲመጣ በረቱን ትጠርግለታለች” አለች ፍየሏ። “በዚሁ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ስንኖርበት ማን ጠርጎት ያውቃል?”

ዳልቻ ወደ ዶሮዋ ሄደ።

“እመት ዶሮ፣ እመቤታችን ወይኖን አትወደውም?”

“እስከ አጥሩ በር ድረስ ወጥታ ነው የምትቀበለው” አለች ዶሮዋ። “አንተን ማን ይቀበልሃል? አንተ እኮ የቤት ነህ!” ብላ መሬቱን መጫሯን ቀጠለች።

ሦስቱም ያሉት እውነት ነው። ዳልቻ ግን ከሦስት እውነት አንድ ውሸት ሠራ። ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነበራ! ሁሉንም “ወይኖን አትወደውም?” አላቸው እንጂ “እኔንስ?” ብሎ አንዱንም አልጠየቀ።

በመጀመሪያው ቀን የአያ ደርሰህን መሬት ሲያርሱ፣ ዳልቻ ወደ ጎን እየሳበ ትልሙን አጣመመው።

“አያ ዳልቻ፣ ምን ሆነሃል?” አለ ወይኖ።

“ምንም አልሆንኩ። ዝም ብለህ ሳብ!”

ማታ በአያ ደርሰህ ደጅ ያቀረቡለትን እየተብሰለሰለ በላና ተኛ።

በሁለተኛው ቀን የጠጄን መሬት ሲያርሱ ወይኖን በጎኑ ገፈተረው።

“ኧረ አመመኝ!” አለ ወይኖ።

“ይመምህ! የምታሻሽህ አለችልህ አይደል?”

በሦስተኛው ቀን፣ የአያ ደርሰህ መሬት እኩሌታ ላይ ሲደርሱ፣ ዳልቻ ትልሙ ውስጥ ዘፍ ብሎ ተኛ። ወይኖም አንገቱ ከቀንበሩ ጋር ተጠምዝዞ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። አያ ደርሰህ ጮኸ፤ አልተነሣም። ጅራፉን አጮኸ፤ አልተነሣም። ጭራውን ጠመዘዘው፤ አልተነሣም። ቢቸግረው ወደ ማዶ ተጣርቶ ጠጄን አስመጣት።

“እቴ ጠጄ” አላት፣ “ይሄ በሬ አለቀለት። ሰኔ ደግሞ ቆሞ አይጠብቀኝም። ወይኖን ከአጎቴ ልጅ በሬ ጋር እጠምደዋለሁ። አንቺም ይሄን ቅዳሜ ገበያ አውጥተሽ ለሥጋ ሽጪው።”

“ከዚያስ በምን ላርስ አያ ደርሰህ? ልጆቼን ምን ላብላቸው?”

“ምን ላድርግሽ እቴ? እዚያ ጥላ ሥር ቁርሴን እበላለሁ። በልቼ እስክጨርስ ከተነሣ ተነሣ። ካልተነሣ በቃ።”

ጠጄ ዳልቻ ራስጌ ቁጢጥ አለች። “ዳልቻ፣ ምን አደረግሁህ?” አለችው።

ዳልቻ ፊቱን አዞረ። “አሁን ገና አየሽኝ!” አለ በልቡ። “አሁንም የመጣሽው ለእርሻሽ ብለሽ ነው።” ቅናት እንዲህ ነው፤ ቢርቁት ናቁኝ ይላል፣ ቢቀርቡት ለሥራ ፈልገውኝ ነው ይላል።

“አያ ዳልቻ፣ አንገቴ ሊሰበር ነው” አለ ወይኖ።

“ይሰበር! ጨው ያላሰችህ ትደግፍህ!”

ይሄኔ በሁለቱ መካከል የተጋደመው ቀንበር ሲጥ አለ። ከሁለቱም በዕድሜ የሚበልጥ፣ የብዙ በሬ ላብ የጠጣ እንጨት ነው።

“ዳልቻ፣ ነገሩ የጨው ነው እንዴ?” አለ ቀንበር።

“የጨው ብቻ አይደለም አባ ቀንበር። ሣሩም ነው። ‘የኔ ጌታ’ የሚባለውም እሱ ነው።”

“እሺ። ከትናንት ወዲያ ማታ የት አደርክ?”

“እዚሁ፣ አያ ደርሰህ ደጅ።”

“መጀመሪያ የበላው ማነው?”

ዳልቻ ማመንዠኩን አቆመ። “እ... እኔ።”

“ጨውስ?”

“ሚስቱ አላሰችኝ።”

“ወይኖ ያኔ ምን ያደርግ ነበር?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? አላየሁትም።”

“ለምን አላየኸውም?”

ዳልቻ በቀጭን ድምፅ፣ “አፌ ሙሉ ነበራ!” አለ።

“እኮ!” አለ ቀንበር። “የታረሰለት ቤት እንግዳውን በሬ ያስቀድማል። የሰው በሬ ከደጄ ተርቦ ወጣ እንዳይባል ነው። ጠጄም እንዲህ ታደርጋለች፣ የደርሰህ ሚስትም እንዲህ ታደርጋለች። አንተ የጠጄን ደጅ ስትቆጥር የደርሰህን ደጅ ረሳኸው።”

“እኔ ግን አልረሳሁትም” አለ ወይኖ ካጎነበሰበት። “በመጀመሪያው ክረምት ቀንዴን ልሰካብህ ነበር። ‘ይሄ መጤ እመቤቴን ወሰደብኝ’ እያልኩ ስንት ቀን ሳልበላ አደርኩ።”

ዳልቻ ደነገጠ። “ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“ምን ብዬ? ‘ቀናሁብህ’ ብዬ? አንተስ ነገርከኝ?”

ጥላው ሥር አያ ደርሰህ የመጨረሻውን ጉርሻ ጎረሰ።

“ጫንቃዬስ?” አለ ዳልቻ በመጨረሻ። “ተልጦ እያየች ዝም አለችኝ።”

“አሳይተሃታል?” አለ ቀንበር።

“ራሷ ማየት ነበረባታ!”

“የሚያስለው ልጅ ጀርባዋ ላይ ነበር። እሷ ልብ ውስጥ ያለውን እኔ አላውቅም፤ እንጨት ነኝ። አንተም አታውቅም፤ በሬ ነህ። የምታውቀው ያመመህን ነው። እሱን አሳያት።”

አያ ደርሰህ እጁን አራግፎ ተነሣ። ወይኖን ሊፈታ መጣ።

ዳልቻ አንገቱን አዞረና ጫንቃውን ጠጄ ጉልበት ላይ ጣል አደረገው።

“ውይ ልጄን!” አለች ጠጄ። “ይሄን ተሸክመህ ነው እንዴ ሦስት ቀን የምታርሰው? ዓይኔ የት ሄዶ ነው?” ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና ከቀንበሩ ሥር ጎዘጎዘችለት።

ዳልቻ በፊት እግሩ ተንበረከከ፣ አቃሰተ፣ ብድግ አለ። ወይኖም አንገቱ ተቃናለት።

“እንዴ! ተነሣ እንዴ?” አለ አያ ደርሰህ። የወይኖን ጠፍር ለቀቀና ወደ ዕርፉ ተመለሰ። “እስኪ ሳብ! ሳብ በል!”

ሳቡ። የቀረውን መሬት ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሱት። ቅዳሜ ገበያ የወጣ በሬ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ማታ የአያ ደርሰህ ሚስት ሣር ታቅፋ ወጣች። ወይኖን አልፋ ዳልቻ ፊት አስቀመጠችው። “ብላ የኔ አንበሳ” አለችው።

ዳልቻ አንዴ ጎረሰ። ከዚያ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ ቀና አለ። ወይኖ ቆሞ ይጠብቃል። ዓይኑ ከሣሩ አልተነቀለም። ያን ዓይን ዳልቻ ያውቀዋል፤ የገዛ ራሱ ዓይን ነው።

“አያ ወይኖ፣ ዛሬም እኔን ሲያስቀድሙ ያምሃል?”

“ትንሽ” አለ ወይኖ።

“እኔንም ነገ በእኛ ደጅ ያመኛል” አለ ዳልቻ፣ ሣሩንም በአፍንጫው ወደ ወይኖ ገፋ አደረገው።

እንግዲህ ልጆች፣ ቅናት ሲመጣባችሁ አትፈሩት፤ ለዳልቻም ለወይኖም መጥቷል። ብቻ በሌላው ፊት የተቀመጠውን ስትቆጥሩ፣ እናንተ ስትበሉ ቆሞ ያያችሁ ማን እንደነበር ጠይቁ። ያመማችሁንም በአፋችሁ ተናገሩ፤ ሰው ልባችሁን ከፍቶ አያይም። ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ የሰማ ላልሰማው ያውራለት።