ከሰማይ የወረደ ጠብታ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የኮንዶሚኒየም ተረት ነው፣ ላሟን የት አስገባታለሁ?

እትዬ አስካለ አራተኛ ፎቅ በረንዳቸው ላይ ጎረምሳ የሚዋኝበት በርሜል ነበራቸው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስ በርሜሉ ሞላ፤ ቅዳሜ ጠዋት የበርሜሉ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ቧንቧው ከበረንዳው ብረት ወደ ውጭ ስለወጣ ከሥሩ ሳህን እንኳ ማስቀመጥ አይቻልም። ነገ ደግሞ ሃያ ማኅበርተኛ ይመጣል! እንግዳ ያለ እጅ መታጠቢያ ከመቀበል ለእትዬ አስካለ አገር ጥሎ መጥፋት ይሻላቸዋል። ፍላጎታቸው ይቺው ብቻ ነበረች፦ ቧንቧዬ ይጥበቅልኝ።

ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ሽብሩ ወረዱ። ሽብሩ ሲያስነጥስ እንኳ የላላ ቧንቧ ይጠብቃል።

«ሽብሬ፣ የኔ ጌታ፣ ቧንቧዬን አጥብቅልኝ።»

«እትዬ፣ ዘንድሮ ሥራ በስልክ ሆኗል። የሥራ ትዕዛዙ ስልኬ ላይ ካልመጣ መፍቻ አላነሳም።»

መፍቻው አልነሳ፣ ቧንቧው አልጠብቅ አለ፤ በርሜሉ ይጎድላል።

ትዕዛዝ ወደምትልከው የቢሮ ሠራተኛ፣ ወደ ፍሬሕይወት ሄዱ።

«በላክሁልዎ እትዬ፤ ኮምፒውተሩ ግን የድሮው ትዕዛዝ ሳይዘጋ አዲስ አላወጣም ይላል። የፓምፕ ቤቱ አምፖል ትዕዛዝ ገና አልተዘጋም።»

«አምፖልና የኔን ቧንቧ ምን አገናኛቸው? ተጋብተዋል?»

«ኮምፒውተሩ አጋብቷቸዋል።»

የድሮው ትዕዛዝ አልዘጋ፣ አዲሱ አልወጣ፣ መፍቻው አልነሳ፣ ቧንቧው አልጠብቅ አለ፤ በርሜሉ ይጎድላል።

አምፖሉን ወደ ቀየረው ወደ ዳምጠው ሄዱ።

«እትዬ ይሙቱ፣ አምፖሉ እንደ ፀሐይ ይበራል! የበራውን ፎቶ ካላነሳሁ ግን ትዕዛዙ አይዘጋም። ፓምፕ ቤቱን ደግሞ ጋሽ ወርዶፋ ቆልፈውታል።»

ፎቶው አልነሳ፣ የድሮው ትዕዛዝ አልዘጋ፣ አዲሱ አልወጣ፣ መፍቻው አልነሳ፣ ቧንቧው አልጠብቅ አለ፤ በርሜሉ ይጎድላል። እትዬ አስካለ እስካሁን የወጡት የወረዱት ደረጃ ቢደራረብ ራስ ዳሽን ያደርሳል፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይድረቅ።

ዘበኛው ጋሽ ወርዶፋ ከሕንጻው ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጠው አንድ ቢጫ ጀሪካን ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ ፓምፕ ቤቱን ይክፈቱልን።»

«ጀሪካኔ ሳይሞላ ንቅንቅ አልልም። ባለፈው ዞር ስል ከነክዳኑ ወሰዱብኝ።»

«እንግዲያው ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ቁልፍ እንደ ጥርስ ነው እትዬ፤ አይዋስም።»

«ጀሪካኑስ በምን ይሞላል?»

«ፈጣሪ ከሰማይ ይሰጠኛል።»

ጀሪካኑ አልሞላ፣ በሩ አልከፈት፣ ፎቶው አልነሳ፣ የድሮው ትዕዛዝ አልዘጋ፣ አዲሱ አልወጣ፣ መፍቻው አልነሳ፣ ቧንቧው አልጠብቅ አለ፤ በርሜሉ ይጎድላል።

ጠብ! አለ ጀሪካኑ ውስጥ።

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። አንደኛ ፎቅ ደረቅ፣ ሁለተኛ ደረቅ፣ ሦስተኛ ደረቅ፤ አራተኛው ላይ የገዛ ቧንቧቸው ይንጠባጠባል።

«ሰማዩ በርሜል አለው እንዴ ጋሼ?»

ጋሽ ወርዶፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐሙስ ሁሉም ሲቀዳ እኔ በር ላይ ነኝ። መቼ ልቅዳ ታዲያ?»

እትዬ አስካለ ለስድብ የከፈቱትን አፍ ዘጉት። «ይነሱ» አሉ፤ «ጀሪካኑን እኔ እጠብቃለሁ። ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ ከበርሜሌ አንድ ጀሪካን የእርስዎ ነው።»

እሳቸው ዱካው ላይ ሲቀመጡ ጋሽ ወርዶፋ ተነሱ፤ ሲነሱ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ፎቶው ተነሳ፤ ፎቶው ሲነሳ የድሮው ትዕዛዝ ተዘጋ፤ የድሮው ሲዘጋ አዲሱ ወጣ፤ አዲሱ ሲወጣ የሽብሩ ስልክ ጮኸ፤ ስልኩ ሲጮኽ መፍቻው ተነሳ፤ መፍቻው ሲነሳ ቧንቧው ጠበቀ፤ ጠብታው ቀጥ!

እሑድ ሃያው ማኅበርተኛ እጁን ታጠበ፤ እጆቹን እኔ ስቆጥራቸው አርባ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ፍሬሕይወት ኮምፒውተሯን ስትከፍት አዲስ የሥራ ጥያቄ ጠበቃት፦ «ከዘበኛ ወርዶፋ። በሰማይ በኩል ይመጣልኝ የነበረው ጠብታ ቆሟል። ሐሙስ ሩቅ ስለሆነ በአስቸኳይ ይጠገንልኝ።»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ ጀሪካኔን ሙሉልኝ።