የሚያነክሰው የእንጨት ዓሣ

አንዲት ከእንጨት ዓሣ የምትጠርብ ሴት በባሕር ዳር ትኖር ነበር። ስሟ የሻረግ ነው። የአገሩ ባሕር ማዕበሉ ኃይለኛ ስለሆነ ታንኳ አያስገባም። ሰው ሁሉ ዳር ካሉት አለቶች ላይ ቆሞ በረጅም ዘንግና በክር የእንጨት ዓሣ ወደ ማዕበሉ ይወረውራል፤ መልሶም ይስበዋል። ትልቁ ዓሣ እውነተኛ መስሎት ሲውጠው ከእንጨቱ ሆድ ሥር የተንጠለጠለው መንጠቆ ይይዘዋል።

የሻረግ የጠረበችው ዓሣ ባዶውን አይመለስም ይባል ነበር። አሠራሯንም አትደብቅም። ቀላል እንጨት አድርቃ ከስንዝር ትንሽ አስረዝማ ትቆርጣለች፤ በቢላ ቅርጽ ታወጣለታለች፤ ሆዱን በመሰርሰሪያ ትበሳለች። ከዚያ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት አቅልጣ ቀዳዳው ውስጥ ታፈስሳለች፤ አፉን በሰም ትደፍናለች። ክብደት የሌለውን እንጨት ነፋስ መልሶ የወርዋሪው ፊት ላይ ይጥለዋል፤ ክብደት የበዛበት ደግሞ እንደ ድንጋይ ይሰጥማል። ስለዚህ መንጠቆዎቹን አንጠልጥላ፣ ገበቴ ውስጥ በቀዳችው የባሕር ውሃ ላይ ታንሳፍፈዋለች። በጉድጓድ ውሃ በሚሞክሩት ትስቅባቸው ነበር። ጨው ያለው ውሃ እንጨትን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ጓሮ ያማረው ሚዛን ባሕር ሲገባ ሌላ ነው።

አንድ ቀን የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ላቀው ከከተማ መጥቶ እርሷ ዘንድ ተቀመጠ። በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው፤ ጠማማ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። እርሱም የእንጨት ዓሣ ሠራ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ እርሳሱን ልክ መሃሉ ላይ አደረገለት። ባሕር ላይ ሲወረውረው ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሲስበው ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ዞር ብሎ ያየው ዓሣ የለም። ላቀው ጥፋቱን በቀለሙ አላከከና እንደገና ቀባው። አንዳንድ ወንድ ነገር ሲበላሽበት ቀለም መጨመር ይቀናዋል።

የሻረግ ዓሣውን አገላብጣ አየችውና፣ «ይሄ ዓሣ ሳይሆን ሹመኛ ነው፤ ማንንም ሳያይ ያልፋል» አለችው።

ላቀው ከፋው። የእርሷን አንዱን አንሥቶ መረመረ፤ እርሳሱ ከመሃል ወደ ጭራው ሸሸት ብሏል፣ አንዱ ጉንጩም ከሌላው ትንሽ በልጦ ተልጓል። ገበቴው ውስጥ ሲጎትተው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይንገዳገዳል።

«እትዬ፣ ይሄማ አንካሳ ነው።»

«አንካሳ እንዲሆን ነው የለፋሁበት። ትልቅ ዓሣ ጤነኛውን አያሳድድም፤ ለምን ብሎ ይደክማል? ከመንጋው መሃል የሚፈልገው ያነከሰውን ነው። እርሱን ያየ እንደሆነ ሆዱ ሥር ምን እንደተንጠለጠለ አይታየውም።»

በዚያ አገር እያንዳንዱ አለት ባለቤት አለው፤ ከወላጅ ይወረሳል። የማጥመጃው ወቅት በሚከፈትበት ማለዳ ባለቤቱ ራሱ አለቱ ላይ መቆም አለበት፤ ወኪል አይሆንም። ፀሐይ ከባሕሩ ሙሉ በሙሉ ስትወጣ አለቱ ባዶ ከሆነ ቀድሞ ለረገጠው ይሆናል። ፀሐይዋ ሳትወጣ የሰው አለት የረገጠ ግን የራሱን አለቶች ሁሉ ያጣል። ይህን የኋለኛውን ቃል የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ደርሶበት የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

በመንደሩ ጎሹ የሚባል ባለ ብዙ አለት ሰው ነበር። ከአባቱ የወረሰው አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹን ክንዱ ከተሰበረ ዓሣ አጥማጅ፣ ከአንዲት አራስና ሐዘን ከተቀመጠ ቤት አገኛቸው። ሁሉም በሕጉ ነው። እንደ ጎሹ በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ማር ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፣ ዐይኑ ግን የበሽታውን ርዝመት ይለካል።

ወቅቱ ሊከፈት ሲቃረብ የሻረግ የቀለጠውን እርሳስ በደንብ ባልደረቀ እንጨት ውስጥ አፈሰሰች። እርጥበቱ እርሳሱን መልሶ ተፋውና እግሯን ጠበሳት። ዕድሜዋን ሙሉ «እንጨቱ ይድረቅ» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ቸኮለች፣ ተቃጠለች። ልጅ የላትም። የእንጨት ዓሣዎቿን ሞክራ የምታሳየው አባቷ ባወረሳት አለት ላይ ነው፤ ባሕር ላይ ሲያጠምድ ያልታየ እንጨት ደግሞ ከማገዶ በቀር ለምንም አይፈለግም። አለቷ ከሄደ እንጀራዋም አብሮ ይሄዳል።

ጎሹ ማሩን ይዞ ሲመጣ ላቀው እግሯን እንድትሸፍን ለመናት። እርሷ ግን እያነከሰች እስከ ደጅ ወጥታ ተቀበለችው።

«እትዬ የሻረግ፣ እንግዲህ ወደ ባሕሩ መውረዱ ይሆንልሽ ይሆን?» አላት ጎሹ።

«እንደምታየኝ ነው» አለችው።

አልዋሸችም። የእንጨት ዓሣም አፍ አውጥቶ ዋሽቶ አያውቅም።

ጎሹ እንደ ወጣ ላቀው ጮኸባት፤ ለጅብ ቁስል ያሳያሉ ወይ አላት። እርሷም ጎሹ ፀሐይዋ እስክትወጣ ከታገሠና እግሯም ከከዳት አለቱ እንደሚሄድ አልጠፋትም። «ግን አይታገሥም» አለች። «ያነከሰ መጠበቅን ለመንደሩ ያስተማረው እርሱ ነው። ተማሪዎቹ እንዳይቀድሙት ይፈራል።»

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። የሻረግ ጎህ ሳይቀድ በላቀው ትከሻ ተደግፋ ወርዳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከአለቷ ጥግ ተቀምጣለች። ከሩቅ ላየው አለቱ ባዶ ነው። ጎሹ ዘንጉን ይዞ መጣና ቆመ። ከወዲያ በኩል ደግሞ አንድ ጎረምሳ የራሱን ዘንግ ይዞ ብቅ አለ። ጎሹ ትንሽ ጠጋ ሲል ጎረምሳው ጠጋ ይላል፤ ጎረምሳው ሲራመድ ጎሹ ይራመዳል። የፀሐይዋ ግማሽ ገና ውሃው ውስጥ ሳለ ጎሹ ዘሎ አለቱ ላይ ወጣ።

የሻረግ ከጥጉ ተነሣች። እግሯ እየነደዳት፣ እያነከሰች ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«እንደምን አደርክ ጎሹ? ምን ጠፍቶህ ነው?»

ጎሹ ደነገጠና ሌላ እንዳይወስድባት ሊጠብቅላት እንደመጣ ተናገረ። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ልጄ፣ ለጥበቃ ዘንግ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። ከዚያ በከዘራቸው ወደ ባሕሩ አመለከቱ። ፀሐይዋ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣችም ነበር።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም፤ ያ የተረሳው ቃል ተነሣና ጎሹ ከሰው የወሰዳቸው አለቶች ለየባለቤታቸው ይመለሱ ተባለ። ክንዱ ተሰብሮ የነበረው ሰው አለቱን አገኘ፤ አራሷም፣ ሐዘንተኞቹም አገኙ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ደስታው ግን ልኩን አላወቀም። ከጎሹ ጋር ሲሽቀዳደም የነበረው ያው ጎረምሳ፣ ሕጉ አለቶቹን ሁሉ ይላልና አባቱ ያወረሰውም ይወሰድ ሲል ተነሣ። ሕዝቡ እውነት ነው አለና ዘንግ ዘንጉን እያነሣ ወደዚያ አለት ነቅነቅ አለ። ጎሹ አሸዋው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያያል። ላቀውም ከሰዉ ጋር መራመድ ጀምሮ ነበር፤ የሻረግ ኮቱን ያዘችው።

«ላቀው፣ አሁን የሚያነክሰው ማነው?»

ላቀው ጎሹን አየ። ቀጥሎ የገዛ ዘንጉን አየ። ቆመ።

የሻረግ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «የተረገጠው የኔ አለት ነው፤ የምካሰውም እኔ ነኝ። የሰዉን ለሰዉ መልሳችኋል። የአባቱን ተዉለት» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያይተው እሺ አሏት። በማግሥቱ ጎሹ ያመጣላትን ማር ለሁለት ከፍላ ግማሹን ይዛ፣ እያነከሰች ልትጠይቀው ሄደች። ዐይኗ ግን ምንም አልለካም።

ታሪኩ ይኸው ነው። ያነከሰ ሁሉ ሆዱ ሥር መንጠቆ ይዟል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ምስኪን ባዶውን ነው። ይሁንና ያነከሰ ባየ ቁጥር የሚከፈት አፍ አንድ ቀን ባለ መንጠቆውን ማግኘቱ አይቀርም፤ የሚይዘውም የራሱ ችኮላ ነው። በጎሹ መሳቅ ደግሞ ቀላል ነው፤ በዚያ ማለዳ መንደሩ በሙሉ ስቋል። ከሳቁ በኋላ ስንቱ ዘንጉን እንዳነሣ ነው መቁጠር።

እንግዲህ ይህን የምታነብ ሰው፣ ለሌላ ከማቀበልህ በፊት አንድ ጊዜ ራስህን ጠይቅ። አጠገብህ ያለ ሰው ሲያነክስ ስታይ፣ ቀድሞ የሚዘረጋው እጅህ ነው ወይስ የሚከፈተው አፍህ?